ከጅማ ተነስቶ የባሕር ዓሣ ሀብት ተመራማሪ መሆን ይቻላል ወይ?

ጥያቄው፦ “ጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የባሕር ዓሣ ሀብት ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ አገራችንም ወደብ የላትም። እነዚህ ሰዎች ቀን በቀን የሚሠሩት ምንድን ነው? ሙያው የት ያደርሳል? እዚሁ ጅማ እያለሁስ ምን ብጀምር ይጠቅመኛል?”

እህቴ፣ ይቻላል። ባሕር አለማየትሽ ሰው የሚያስበውን ያህል እንቅፋት አይደለም። ብዙዎችን ከዚህ መንገድ የሚያስቀረው ሒሳቡ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ ባዮሎጂ ከሚገባው ተማሪ ብዙው ከሒሳብ ሸሽቶ ስለሚገባ ነው። አንቺ ከእነሱ ካልሆንሽ ጥሩ መነሻ አለሽ።

ከሁሉ በፊት ሙያውን ከጎረቤቶቹ እንለየው። ኮራልና ዶልፊን የሚያጠናው የባሕር ባዮሎጂስት ነው። ዓሣ በኩሬና በገንዳ ቀልቦ የሚያሳድገው የዓሣ እርባታ ባለሙያ ነው። ባቦጋያና ባሕር ዳር ያሉት የማሪታይም ተቋማት ደግሞ የሚያሠለጥኑት የመርከብ ባለሙያዎችን እንጂ ተመራማሪዎችን አይደለም። ልዩነቱን ሳያጣራ አመልክቶ እርባታ የሚገባና ሁለት ዓመት የዓሣ መኖ ሲቀምም የሚከርም ተማሪ አይጠፋም። እርባታ ክፉ ሙያ አይደለም፤ የጠየቅሽው ግን እሱን አይደለም።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ደመወዝ የሚከፈለው በዋናነት አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ነው። ማንም ዘልቆ ሊያየው በማይችል ውሃ ውስጥ ስንት ዓሣ አለ? ከዚያ ውስጥ በሚመጣው ዓመት ምን ያህሉ ቢወጣ ክምችቱ አይጎዳም? የሒሳቡን እምብርት እዚሁ ላሳይሽ። 1,000 ዓሦች አሉ እንበል። በበሽታ፣ በሌላ ዓሣ በመበላትና በመሳሰሉት የሚሞቱበት የተፈጥሮ ሞት መጠን 0.2 ቢሆንና ማንም ባያሰግራቸው በዓመቱ መጨረሻ 819 ይተርፋሉ። 800 አይደለም፤ ሞቱ በየቅጽበቱ ከሚቀረው ላይ ስለሚቀነስ ስሌቱ ኤክስፖኔንሻል ነው። አሁን አስጋሪዎች ይግቡ፤ የማስገር ሞት መጠኑም 0.6 ይሁን። ድምሩ 0.8 ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚተርፉት 449 ብቻ ናቸው። ከሞቱት 551 ውስጥ ሦስት አራተኛው ማለትም 413ቱ መረብ ውስጥ የገቡ ናቸው። ይህን ቀመር ሩሲያዊው ፊዮዶር ባራኖቭ በ1918 አወጣው (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ቤቨርተንና ሆልት ዛሬ የምንጠቀምበትን ሥርዓት በእሱ ላይ ገነቡ። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ውስብስብ የኮምፒውተር ሞዴሎች ውስጣቸው ሲገለጥ ይህችው ቀመር ትገኛለች።

ችግሩ 1,000ውንም፣ 0.2ውንም፣ 0.6ውንም የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። የሙያው ዕለታዊ ሥራ እነዚህን ቁጥሮች ከሦስት አቅጣጫ ማደን ነው። አንዱ ወደብ ላይ ከሚራገፈው ምርት ነው፤ ሁለተኛው በምርምር መርከብ ከሚደረግ ቆጠራ፤ ሦስተኛው ከዓሣው ዕድሜ።

መርከቡ ላይ ያለውን ላብራራ፤ ሰው በጣም የሚጓጓው ለእሱ ስለሆነ። ትሮል የሚባለው በባሕሩ ወለል ላይ የሚጎተት ከረጢት መሰል መረብ ነው። ለምሳሌ በሰዓት 3 ኖቲካል ማይል ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ቢጎተት 1.5 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 2.78 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የመረቡ አፍ 20 ሜትር ከተከፈተ የጠረገው ስፋት 0.0556 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። 100 ኪሎ ዓሣ ካወጣ በካሬ ኪሎ ሜትር 1.8 ቶን ገደማ አለ ማለት ነው፤ ይህም መረቡ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይይዛል ብለን ካመንን ነው። አይዝም። ከላይ የሚዘል አለ፣ ከሥር የሚሾልክ አለ፣ የመርከቡን ድምፅ ሰምቶ የሚሸሽ አለ። ስለዚህ ከትሮል የሚገኘውን ቁጥር ዓሣው በሙሉ ተቆጠረ ብለን ሳይሆን ከዓመት ዓመት የምናነጻጽረው መለኪያ አድርገን ነው የምንይዘው።

ከዚህ የሚከተል ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋባ ሕግ አለ። የተሻለ መረብ ቢገኝም አይቀየርም። ያው መረብ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ወቅት ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ይቀጥላል። መርከቡ አርጅቶ ሌላ መተካት ግድ ሲሆን አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን እየጎተቱ አንዱ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚይዝ ይለካል። ይህ ሳይደረግ መርከብ ከተቀየረ የዓመታት ውሂብ ለሁለት ይቆረጣል፤ በኋላም ዓሣው ጨመረ ወይስ መርከቡ ጎበዘ የሚለውን መለየት አይቻልም።

መረቡ ሲወጣ ዓሣው በየዝርያው በቅርጫት ይለያል፣ ይመዘናል። ሁለት ቶን ቢወጣ ሁሉም አንድ በአንድ አይለካም፤ ናሙና ይወሰዳል። ስህተት የሚገባውም እዚሁ ነው። ክምሩ ላይ ትልልቁ ከላይ ይቀራል፣ ትንንሹ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከላይ እየዘገነ ቅርጫት የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ባሕሩን በትልልቅ ዓሣ ሞላው ማለት ነው። ናሙናው የክምሩ አንድ አሥረኛ ከሆነ ደግሞ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዓሣ በአሥር ይባዛል፤ ስህተቱም አብሮ ይባዛል።

በውሃው መካከል በመንጋ ለሚሄዱ ዓሦች፣ ለሄሪንግና ለአንቾቪ ዓይነቶቹ፣ ትሮል ብቻውን አይበቃም። መርከቡ በ38 ኪሎኸርትዝ የድምፅ ምት ወደ ታች እየላከ የሚመለሰውን ማስተጋባት ይለካል። የሚያስተጋባው በአብዛኛው የዓሣው ሥጋ ሳይሆን በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ነው። የአትላንቲክ ማኬሬል ይህ ከረጢት ስለሌለው ሙሉ መንጋ ቢያልፍም መሣሪያው ላይ ደብዝዞ ይታያል። ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው 38.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተንግስተን ካርባይድ ኳስ በቀጭን ክር ከመርከቡ ሥር ተንጠልጥሎ ይስተካከላል። ኳሱ ምን ያህል ማስተጋባት እንዳለበት በስሌት ስለሚታወቅ መሣሪያው ከዚያ የተለየ ካነበበ ይታረማል። የአፍሪካን ጠረፍ በዚህ ዘዴ የምትቃኘው ዶክተር ፍሪትዮፍ ናንሰን የተባለችው የኖርዌይ የምርምር መርከብ ናት። በዚህ ስም የመጀመሪያዋ ሥራ የጀመረችው በ1975 ነው፤ የአሁኗ ሦስተኛዋ ስትሆን ከ2017 ጀምሮ ትሠራለች። የባሕር ጠረፍ ያላቸው የአፍሪካ አገሮች ወጣት ተመራማሪዎችም እሷ ላይ ይሠለጥናሉ።

ቁጥሩ ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ ለማየት የካናዳውን የኒውፋውንድላንድ ኮድ ዓሣ ተመልከቺ። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎቹ ሁለት መረጃ ነበራቸው። አንደኛው የምርምር መርከቧ ቆጠራ ሲሆን ዝቅ ያለ ክምችት ያሳይ ነበር። ሁለተኛው የትልልቆቹ የንግድ አስጋሪ መርከቦች በሰዓት የሚይዙት መጠን ሲሆን እሱ አልቀነሰም። ለዓመታት ሁለቱን እያቻቻሉ ገመቱ። ዓሣው ግን እያነሰ ሲሄድ ተበትኖ አልሳሳም፤ ጥቂት ቦታ ላይ ተጠጋግቶ ተሰበሰበ። መርከቦቹ ደግሞ የተሰበሰበበትን ፈልገው ማግኘት ያውቁበታል። ስለዚህ መረባቸው እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1992 ማስገሩ ተዘጋ፤ በአንድ ጊዜ ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ክምችቱ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ወደ ቀድሞው መጠኑ አልተመለሰም። “አስጋሪው ዛሬም እንደ ድሮው ይይዛል” የሚል ሪፖርት ባየሽ ቁጥር ይህ ትዝ ይበልሽ። ነገሩ የባሕር ብቻ አይደለም። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በክረምት ሊራቡ ወደ ወንዝ ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋባቸው በዚሁ መሰባሰባቸው የተነሳ ነው፤ ያመናመናቸውም በዋናነት ይኸው ነው።

ሦስተኛው አቅጣጫ ዕድሜ ነው። ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ ኦቶሊት የሚባሉ የጆሮ ድንጋዮች አሉት፤ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ናቸው። በብርድ አገር ባሕር በሙቀቱ ወራት ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ፣ በብርዱ ወራት ጠባብና ብርሃን የሚያሳልፍ ንብር ይጨምራሉ፤ አንድ ጥንድ ንብር አንድ ዓመት ነው። እዚህ ላይ መሳሳት ብዙ ያስከፍላል። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ አካባቢ በጥልቅ ባሕር የሚኖረው ኦሬንጅ ራፊ የተባለ ዓሣ በሰፊው ሲሰገር ዕድሜው እስከዚህም ረጅም አይደለም ተብሎ ነበር። ኦቶሊቱ በትክክል ሲነበብ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚኖርና ለመራባት የሚደርሰውም ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ታወቀ። እስኪታወቅ ድረስ ግን ከክምችቱ ብዙው አልቆ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለው ሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የሥራ ዘመንም እሱ ነው። በባሕር ላይ የሚውለው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ የኮምፒውተር ቋንቋ ኮድ በመጻፍ፣ ውሂብ በማጽዳት፣ ሞዴል በማስኬድና በስብሰባ ያልፋል። በሰሜን አትላንቲክ ይህን ሥራ የሚያስተባብረው በ1902 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነው ዓለም አቀፉ የባሕር ጥናት ምክር ቤት (አይሴስ) ነው። ከየአገሩ የመጡ ተመራማሪዎች በየዝርያው ቡድን ሠርተው “በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ቶን በላይ አይውጣ” የሚል ምክር ያወጣሉ። ኮታውን የሚወስኑት ግን ሚኒስትሮች ናቸው፤ ከምክሩ በላይ መወሰናቸውም አዲስ ነገር አይደለም። የሠራሁት ካልተፈጸመ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትዪ ከሆነ ይህን አሁኑኑ እወቂው።

ወደ ጅማ እንመለስ። ከአንቺ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዲስ አበባ መንገድ አሰንዳቦ አካባቢ፣ በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ግቤ አንድ ግድብ ሐይቅ አለ። ቆሮሶም (ቲላፒያ) ባርበስም ይሰገርበታል። የጠቀስኳቸውን ሦስቱንም አቅጣጫዎች፣ ከትሮሉና ከድምፅ መሣሪያው በቀር፣ እዚያ መማር ትችያለሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን እዚህ ላይ ብታደርጊው ጥሩ ነው። ያለ ፈቃድ ግን አትሂጂ፤ ግድቡ የኃይል ማመንጫ ስለሆነ ከክፍለ ትምህርትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድመሽ አስገቢ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ሌሊት የምታድሪ ከሆነ አጎበር ያዢ።

የመለኪያ ሰሌዳ ለመግዛት አትጨነቂ፤ አናጺ ይሠራልሻል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ጣውላ ይሁን፤ በአንዱ ጫፍ የዓሣው አፍ የሚያርፍበት ቋሚ ጣውላ ይመታበት፤ ከርዝመቱ ጋር የብረት ማስመሪያ ይለጠፍ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ብዙ ማስመሪያ ከዜሮው በፊት ትንሽ ባዶ ጠርዝ አለው። ያ ጠርዝ ካልተቆረጠ እያንዳንዱ ዓሣ ከልኩ አጥሮ ይመዘገባል፤ ስህተቱም ወጥ ስለሆነ ማንም አያየውም። ለክብደት 5 ኪሎ የሚችልና በግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

ርዝመት ስትለኪ የትኛውን ርዝመት እንደሆነ ወስኚና ከዚያ አትውጪ። ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ያለው ጠቅላላ ርዝመት አንድ ነው፤ እስከ ጅራቱ ሹካ መሐል ያለው ሌላ ነው፤ ጅራት ሳይጨምር ያለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ለክቶ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ካስገባ ውሂቡ ተበላሸ ማለት ነው። ለቆሮሶ ጠቅላላ ርዝመት ይመረጣል፤ ጅራቱ ሹካ የለውምና። በየወሩ ከአስጋሪዎቹ ምርት ላይ ከ200 እስከ 300 ቆሮሶ ብትለኪና ይህን ለአንድ ዓመት ብታደርጊ ጥሩ ውሂብ ይኖርሻል።

ዓሣው የሚለካው ከመመረጡ በፊት ነው። ትልልቁ ለሆቴል ይለያል፣ ትንሹ ለቤት ይቀራል፣ መካከለኛው ወደ ጅማ ገበያ ይወጣል። ገበያ ቆመሽ ብትለኪ የለካሽው የነጋዴውን ምርጫ እንጂ ሐይቁን አይደለም። ስለዚህ ጀልባዋ ስትጠጋ እዚያው መገኘት አለብሽ፤ አስጋሪዎቹ ደግሞ በማለዳ ነው የሚገቡት። በዚያው ሰዓት ስንት መረብ እንደዘረጉ፣ የመረቡ ዓይን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና መረቡ ስንት ሌሊት እንዳደረ ጠይቂና መዝግቢ። ያለ እነዚህ “ዛሬ 40 ኪሎ ተያዘ” የሚለው ቁጥር ምንም አይናገርም። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ የሚዘረጋው መረብም ይበዛል፤ ምርቱ ሲጨምር ዓሣው የጨመረ ሊመስልሽ ይችላል። በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ እንደተያዘ ስታሰዪ ግን ቀንሶ ልታገኚው ትችያለሽ።

ሌላው ወጥመድ የመረቡ ዓይን ነው። የቋሚ መረብ አንድ ዓይነት ዓይን የሚይዘው ከእሱ ጋር የሚመጣጠነውን መጠን ብቻ ነው፤ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ አንገቱ አይገባም። አስጋሪዎቹ ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር ዓይን ከተጠቀሙ አማካይ ርዝመቱ የሚነግርሽ ስለ መረቡ ነው። በጀት ካገኘሽ ባለ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ሜትር ዓይን መረቦችን (ሁለቱ ተቃራኒ ቋጠሮዎች ተወጥረው ሲለኩ) በአንድ ላይ ቀጥዪና አመሻሽ ላይ ዘርግተሽ ማለዳ አንሺ። የእያንዳንዱን ዓይን ምርት በተለያየ ባልዲ አስቀምጪ። ከተቀላቀለ አበቃ።

አሁን ኦቶሊቱ። ለመለማመጃ ከጅማ ገበያ ያልተቆራረጠ ቆሮሶ ግዢ፤ ሥጋው ምንም አይሆንም፣ ለብለብ ይሠራበታል። የጉሮሮውን ክዳን ገልጠሽ ዓሣው የሚተነፍስባቸውን ቀይ ስንጥቦች ቁረጪና አውጪ። ከሥራቸው የራስ ቅሉ ወለል ይታያል፤ በግራና በቀኝ ትንሽ እብጠት መሳይ አጥንት አለ። እሱን በስለት ጫፍ ቀስ ብለሽ ስትሰብሪው በውስጡ ነጭ ቅንጣት ታገኛለሽ፤ ሳጂታ የሚባለው ትልቁ ኦቶሊት እሱ ነው። በወረንጦ አውጪው፤ በጥፍር ከያዝሽው ይሰበራል። በውሃ አጥበሽ የለበሰውን ስስ ሽፋን በጣትሽ አሽተሽ አንሺና በደንብ አድርቂው። በትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገሽ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዝርያውን፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱንና ፆታውን በእርሳስ ጻፊበት። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይሟሟል። ፎርማሊን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቢው፤ ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ስለሚሆን ኦቶሊቱን ይበላዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ዓሣውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ኦቶሊት የሚጠፋው በዚህ ነው።

በባርበስ ግን ሳጂታውን አትፈልጊ። በእነሱ ወገን ሳጂታው እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል፤ አስተሪስከስ ወይም ላፒለስ የሚባሉት ሌሎቹ ኦቶሊቶች ይሻላሉ።

ለማንበብ ኦቶሊቱን ጥቁር ነገር ላይ ባለ ትንሽ የውሃ ሳህን ውስጥ አስቀምጪና በስቲሪዮ ማይክሮስኮፕ ከላይ ብርሃን አብርተሽ ተመልከቺ። በዚህ አቀማመጥ ጥቅጥቁ ንብር ነጭ፣ ብርሃን አሳላፊው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ብርሃኑን ከሥር ካበራሽ ተገላቢጦሹ ነው። ሁለቱን እያቀያየሩ የሚያነቡ ተማሪዎች ግማሽ ዓመት ይሳሳታሉ። የዓሣውን ርዝመት ሳታዪ ቁጠሪ፤ ካየሽ “ይህ ትልቅ ነው፣ ሦስት ዓመት ሳይሆን አይቀርም” ብሎ ዓይንሽ ያልነበረውን መስመር ይጨምራል። ሌላ ሰው ደግሞ ያንቺን ሳያይ ይቁጠር፤ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማማችሁ አስሉ።

በእኛ አገር ውሃ መስመሩ በዓመት አንዴ መሠራቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። እንደ ኖርዌይ በረዷማ ወቅት ስለሌለ መስመሩ በዝናብ፣ በመራባት ወይም በግድቡ ውሃ መቀነስ ምክንያት በዓመት ሁለቴ ሊሠራ ይችላል። ማረጋገጫው በየወሩ ናሙና እየወሰዱ የጠርዙን ንብር ስፋት መለካት ነው። ስፋቱ በዓመት አንዴ ብቻ ወደ ዜሮ ከወረደ መስመሩ ዓመታዊ ነው። ይህ የማያስተማምን ከሆነ ዕድሜን ከርዝመት መገመቻ መንገድ አለ። ዳንኤል ፖሊ ለሞቃት አገሮች ያዘጋጀው ኤለፋን የሚባለው ዘዴ ሲሆን በአር ውስጥ ትሮፕፊሽአር በሚባለው ጥቅል በነፃ ይገኛል። የሚሰጥሽ የዕድገት ቀመር ነው። ለምሳሌ የመጨረሻው ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር፣ የዕድገት ፍጥነቱ 0.4 የሆነ ዓሣ በ1 ዓመቱ 11.5፣ በ2 ዓመቱ 19.3፣ በ3 ዓመቱ 24.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘዴው ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ውሂቡ መጥፎ ቢሆንም ይሰጣል። ስለዚህ ከማስኬድሽ በፊት የርዝመቱን ሂስቶግራም (በየርዝመቱ ስንት ዓሣ እንዳለ በዓምድ የሚያሳይ ግራፍ) ሳዪና በዓይንሽ እዪው። በ20፣ በ25 እና በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ዓምዶች ከታዩ ዓሣው እንደዚያ ስለሆነ አይደለም፤ የለካው ሰው በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ሲያጠጋጋ ነበር።

ከኮርስ በኩል ክፍለ ትምህርትሽ ከሚያስገድድሽ ውጭ ከስታቲስቲክስ ክፍል ሪግሬሽንና የናሙና አወሳሰድን ጨምሪ፤ ለውጤት ባይቆጠርልሽ እንኳ ቁጭ ብለሽ ተከታተይ። ካልኩለስሽን ከልሺ። ኤክሴል ትተሽ ዛሬውኑ አር ጀምሪ። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ሲደረስ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው የዝርያ ስም ማወቁ ሳይሆን ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአገር ውስጥ ማስተርስ ይዞ (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሳይንስና የዓሣ ሀብት፣ ባሕር ዳርም የዓሣ ሀብት ትምህርት አላቸው) ሰበታ፣ ባቱ ወይም ባሕር ዳር ባሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ተቀጥሮ ከዚያ ለዶክትሬት መውጣት ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ውጭ ማመልከት ነው። በቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ኢምብርሲ የተባለ የባሕር ሀብት ማስተርስ ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ስኮላርሺፑን ያገኘ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ በሙያው ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ኖርዌይ ከ2023 መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ ጥላለች፤ በቆየ መረጃ “ነፃ ነው” የሚልሽን አትስሚ። በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ለዓሣ ሀብት ሳይንስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አይስላንድ ያለው የግሮ የዓሣ ሀብት ሥልጠና የስድስት ወር ሲሆን ተሳታፊዎቹን የሚያጨው መሥሪያ ቤታቸው ስለሆነ ተማሪ ሆነሽ በግልሽ አታገኚውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት አብሮ ስለሠራ ጌንትና ሉቨን የተማሩ መምህራን አጠገብሽ አሉ። መጀመሪያ እነሱን አማክሪ።

ስለ ሥራው ገበያ ግልጽ ልሁን። የየአገሩ የባሕር ምርምር ተቋማት፣ የሞምባሳውን የኬንያ ተቋም ጨምሮ፣ በቋሚነት የሚቀጥሩት በአብዛኛው ዜጎቻቸውን ነው። ለኢትዮጵያዊ ይበልጥ ክፍት የሚሆኑት የዶክትሬትና ከዶክትሬት በኋላ የሚሰጡ የምርምር ቦታዎች፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ እንዲሁም እንደ ሲሸልሱ የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን ያሉ አካባቢያዊ ተቋማት ናቸው። ለእነዚህ የክምችት ግምገማ የሚችል ሰው ከዶክትሬት ጋር ይፈልጋሉ። ወደ አገር ብትመለሺም ችሎታው አይባክንም። አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ወጥቷል፤ ጣና ላይ ወይም ጫሞ ላይ ስንት መረብ ይፈቀድ የሚለውን በቁጥር የሚመልስ ሰው ግን ዛሬም ብርቅ ነው።

መርከብ ላይ ስለ መውጣት የቀረኝ ትንሽ ነው። ዋና ልመጂ። የምርምር መርከብ ላይ ከመውጣትሽ በፊት የጤና ምርመራና በባሕር ላይ ራስን የማዳን ሥልጠና ይጠየቃል፤ ሥልጠናው የመትረፊያ ልብስ ለብሶ ውሃ ውስጥ መግባትን ይጨምራል። ሥራው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ሰዓት ሥራ ስድስት ሰዓት ዕረፍት። የባሕር ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ይዞ ይለቃል፤ ክኒኑ የሚሠራው መርከቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሲዋጥ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሆድ ውስጥ አይቆይም። ክኒኑ ስለሚያስተኛ ግን በዚያ ሰዓት ከመረብ መጎተቻው አጠገብ አትቁሚ።

ለውጭ አገር አማካሪ ስትጽፊ “ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር እወዳለሁ” በሚል አትጀምሪ፤ በየቀኑ የሚደርሳቸው እሱ ነው። በሁለት አንቀጽ፣ ከእሱ ሥራ የትኛውን እንዳነበብሽና በየትኛው ጥያቄ ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ ጻፊ። ከግልገል ግቤ የሰበሰብሽውን የርዝመት ሂስቶግራም፣ የናሙናውን ብዛትና የተጠቀምሽበትን ኮድ በአንድ ገጽ አባሪ አድርጊ። ብዙዎቹ ስኮላርሺፖች ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለሚዘጉ ኢሜይሉ መስከረም ላይ መሄድ አለበት። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ከዚያ በፊት ተፈተኚ፤ የፈተና ቀን ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድና አስቀድሞ መመዝገብ ሊያስፈልግ ይችላል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሺው፤ ከዚያም ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ሰው እለፊ።